ከችግኙ በፊት ድጋፉ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ ሐረግ ማሳደግ

ደሴ ውስጥ ለግቢ አትክልት ወዳጆች ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ግንቦት ላይ ነን። ክረምቱ ሊገባ ነው። በዚህ ሰሞን ችግኝ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቶሎ የሚያድግ ሐረግ አለህ?» አንዱ የቆርቆሮ አጥሩን መሸፈን ይፈልጋል። አንዷ አዲስ የቆመው የብሎኬት ግድግዳ ባዶነቱ አስጠልቷታል። ሌላው ከፎቅ የሚያይ ጎረቤት በዝቶበታል። ቡና የሚፈላበት ጥላ የሚሹም አሉ። ሁሉም ደግ ምክንያት ነው። እኔ ግን መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ምን ላይ ነው የሚወጣው?» አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ቶሎ የሚያድግ ሐረግ ማግኘት ቀላል ነው። ችግኙም ርካሽ ነው። ዋናው ሥራ ያለው የሚወጣበት ነገር ላይ ነው። ድጋፉንና ቦታውን አስቀድሞ ያሰበ ሰው በሐረጉ ለዓመታት ይደሰታል። ያላሰበ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ከሐረጉ ጋር ይጣላል። ጥሩ ተክል በዚህ ምክንያት ከሥሩ ተቆርጦ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ሐረግ ለምን እንዲህ እንደሚፈጥን እንይ። ዛፍ ራሱን ችሎ ለመቆም ግንዱን ማወፈር አለበት። ከሚሠራው ምግብ ብዙውን በእንጨት ላይ ያውለዋል። ሐረግ ይህን ወጪ ትቶታል። ሌላ ነገር ላይ ተደግፎ ስለሚቆም ያለውን ሁሉ ለርዝመትና ለቅጠል ይሰጣል። ደግሞም ግንዱ ቀጭን ሆኖ ሳለ ብዙ ቅጠል ማጠጣት አለበት። ስለዚህ ውስጡ ያሉት የውኃ መተላለፊያዎች ሰፋፊ ናቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሐረግ ሥሩ እስኪጠልቅ ድረስ ውኃ አጥብቆ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ በሰፊ መተላለፊያ ውስጥ ያለ ውኃ በአመዳይ ሌሊት ሲረጋና ጠዋት ሲቀልጥ የአየር አረፋ ይፈጠራል። አረፋው የውኃውን መስመር ይቆርጠዋል። ከሞቃት አገር የመጡ ሐረጎች አመዳይ የማይችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለደሴ ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሐረግ በምን ይይዛል?

ሁሉም ሐረግ በአንድ ዘዴ አይወጣም። ይህን መለየት ከቻላችሁ የዛሬውን ንግግር ግማሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ በግንዳቸው የሚጠመጠሙ ናቸው። የእኛው ጠንበለል ከነዚህ ነው። ጠዋት ፈክቶ ከሰዓት በኋላ የሚከደነው ሰማያዊው ሞርኒንግ ግሎሪም እንዲሁ። የእነዚህ ጫፍ በአየር ላይ እየዞረ የሚይዘውን ይፈልጋል። ቻርለስ ዳርዊን በ1860ዎቹ ታሞ ከክፍሉ መውጣት ባቃተው ጊዜ መስኮቱ ላይ ያሉ ሐረጎችን ሰዓት ይዞ ይከታተል ነበር። ለቢራ የሚሆነው ሆፕስ የሚባለው ሐረግ በሞቃት ቀን አንድ ዙር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅበት መዝግቧል። እናንተም ሞክሩት። ጠዋት ጫፉ ወዴት እንደሚያመለክት እዩ፤ ከምሳ በኋላ ደግማችሁ እዩ። ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ።

የሚጠመጠም ሐረግ ወፍራም ምሰሶ ማቀፍ አይችልም። ሽቦ፣ ገመድ፣ ቀጭን አጣና ወይም ፌሮ ይስማማዋል። እያንዳንዱ ዓይነት ደግሞ የራሱ የመዞሪያ አቅጣጫ አለው። በተቃራኒው ብትጠመጥሙት ጫፉ ይፈታና በራሱ መንገድ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ስትረዱት ወዴት እንደሚዞር አስቀድማችሁ እዩ።

ሁለተኛዎቹ ቀጫጭን ጅማት አውጥተው የሚይዙ ናቸው። ፓሽን፣ ወይንና ቅል እንዲህ ናቸው። ጅማቱ የሆነ ነገር ሲነካ በደቂቃዎች ውስጥ መታጠፍ ይጀምራል። ከያዘ በኋላ መሐሉ እንደ ሞላ ይጠቀለላል። ከዚያ ነፋስ ሲመጣ ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም። ለነዚህ ከእርሳስ የማይወፍር ነገር ያስፈልጋል። የተዘረጋ ሽቦ ወይም የአጥር መረብ ተመራጭ ነው። ለስላሳ ግድግዳ ሥር ፓሽን ተክሎ «እንቢ አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ተክሉ የሚጨብጠው አጥቶ ነው።

ሦስተኛዎቹ የሚለጠፉት ናቸው። አይቪ ከግንዱ ትናንሽ ሥሮች እያወጣ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ሽቦም ገመድም አይፈልግም። ለሰነፍ አትክልተኛ ይመቻል ይባላል፤ እኔ ግን በጥንቃቄ ነው የማየው። በጭቃ የተመረገ ቤት ላይ በፍጹም አትልቀቁት። ልስኑ የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይም እንዲሁ፤ ሥሩ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይወፍራል። ጤናማ ድንጋይ ወይም ያልተሰነጠቀ ሲሚንቶ ላይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከተለጠፈ በኋላ ብትነቅሉት የሥሩ ምልክት ግድግዳው ላይ እንደሚቀር ዕወቁ።

አራተኛዎቹ በእውነቱ አይወጡም፤ ረጃጅም ቅርንጫፋቸውን በሌላ ነገር ላይ ይጥላሉ፤ እሾሃቸው እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። ቡገንቪሊያና ቀጋ እንዲህ ናቸው። እነዚህን እናንተ ካላሰራችኋቸው ማንም አያስራቸውም። በጨርቅ ቁራጭ ወይም በቃጫ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ቀጭን ሽቦ አትጠቀሙ፤ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ሥጋው ውስጥ ይገባና ያንቀዋል።

ስለ ድጋፉ ጥቂት ልጨምር። ሽቦ ወይም መረብ ስትዘረጉ ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቁት። አየር ያልፍበታል፤ ግድግዳው አይረጥብም፤ ቀለም መቀባትም ሲያስፈልግ እጅ ይገባል። ቆርቆሮ አጥር ከሆነ ይህ ይብሳል። ቆርቆሮ በቀትር ስለሚግል ለጋውን ጫፍ ያቃጥላል። ቅጠል የተደገፈበት ቆርቆሮ ደግሞ እርጥበት ይዞ ቶሎ ይዝጋል። ከቆርቆሮው ፊት ለፊት አጣና ተክላችሁ በዚያ ላይ ሽቦ ወጥሩ።

ዳስ የምትሠሩ ከሆነ ምሰሶውን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት። በክረምት ዝናብ የጠጣ ሐረግ ክብደቱ ሌላ ነው፤ መሬቱም በዚያው ሰሞን ይላላል። ነፋስ ሲጨመርበት ብዙ ዳስ የሚወድቀው ነሐሴ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ምስጥ ስላለ አጣና ዕድሜው አጭር ነው። አቅም ካለ ቱቦላሬ ብረት በሲሚንቶ ማቆም ይሻላል። አንዳንዱ የአጣናውን ጫፍ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል። አልመክርም፤ ዘይቱ ሐረጉ ወደሚበላበት አፈር ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የመብራት ሽቦ አጠገብ ቶሎ የሚያድግ ሐረግ አትትከሉ። ከጣሪያ ጠርዝም በየክረምቱ ቁረጡት። አሸንዳ ውስጥ የገባ ሐረግ ውኃውን ይገድበውና ወደ ኮርኒሱ ይመልሰዋል። ከሴፕቲክ ታንክም ራቅ በሉ።

ሁለት ከተማ፣ ሁለት አየር

ከደሴ ኮምቦልቻ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጃኬት ማውለቅ የለመደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1,850 ሜትር ብዙም አትርቅም። ከፍታ 1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት አለ። ለእኛ 4 ዲግሪ አንድ ሹራብ ነው። ለሐረግ ግን መኖርና መሞት ሊሆን ይችላል።

ደሴ ውስጥም ቢሆን ግቢ ሁሉ አንድ አይደለም። ጦሳና አዝዋ ገደል ከግራና ከቀኝ ይዘውናል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በጠራ ሌሊት ከተራራው ወደ ረባዳው ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለውን ዝቅ ያለ ግቢ ሲመታ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለውን ጎረቤት ሊያልፈው ይችላል። የታች ሰፈር ሰው «የእነ እገሌ አበባ እንዴት አማረ፣ የእኔ ግን ከሰመ» ሲል ጥፋቱ የእጁ አይደለም። አየሩ ነው።

ግድግዳውም ለውጥ ያመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ በእነዚያ ወራት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ድንጋይና ብሎኬት ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ደሴ ላይ ቡገንቪሊያ ማሳደግ የምትፈልጉ፣ ቦታው ይህ ነው። ወደ ሰሜን የሚያየው ቀዝቃዛ ግድግዳ ለአይቪ ይሁን።

ኮምቦልቻ ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። እዚያ ሐረግ የሚፈለገው ለውበት ብቻ ሳይሆን ለማቀዝቀዝም ነው። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ነው። እሱን በሐረግ ብትጋርዱት ቅጠሉ ፀሐዩን ይቀበላል፣ ከቅጠሉ የሚተነው ውኃም አካባቢውን ያቀዘቅዛል። ማታ መኝታ ቤት ስትገቡ ታውቁታላችሁ።

የትኛውን ልትከል?

ስለ ቡገንቪሊያ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚወደውና ብዙ ሰው የሚያማርርበት እሱ ስለሆነ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙን ያገኘው በ1760ዎቹ ዓለምን በመርከብ ከዞረው ከፈረንሳዊው ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል ነው። ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ ሆኖ የምናየው አበባው አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ጠጋ ብላችሁ እዩዋት።

«ቡገንቪሊያዬ ቅጠል ብቻ ነው፣ አያብብም» የሚል ቅሬታ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ፀሐይ ያገኛል ወይ? በቀን ስድስት ሰዓት ያህል በቀጥታ ካላገኘ አይሆንም። ዩሪያ ሰጥታችሁታል ወይ? ዩሪያ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ሦስተኛው ውኃ ነው። በየቀኑ የሚያጠጡት እናቶች አሉ፤ ፍቅራቸው ይገባኛል። ነገር ግን ያደገ ቡገንቪሊያ ትንሽ ሲጠማ ነው የሚያብበው። ከክረምት በኋላ ውኃውን ቀንሱለት። ቅጠሉ ትንሽ ሲጠወልግ አጠጡት፤ እንደገና ተዉት። በጥቅምትና በኅዳር ኮምቦልቻ አጥሮች ላይ የምታዩት ቀለም የመጣው ዝናቡ ስለቆመ ነው።

ሲተከልም ልዩ ጥንቃቄ አለው። ሥሩ መነካካት አይወድም። ላስቲኩን በጉድጓዱ ውስጥ በምላጭ ቅደዱና ቀስ ብላችሁ አውጡ። አፈሩ ተንዶ ሥሩ ከተራቆተ ብዙ ጊዜ ይሞታል።

ፓሽን ጌጥም ምግብም ነው። አበባው እጅግ ያምራል። ሐምራዊው ዓይነት ከቢጫው ይልቅ ብርድ ይችላል፤ በራሱ አበባም ፍሬ ይይዛል። ኮምቦልቻ ላይ በደንብ ይሆናል። ከተተከለ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ፍሬ ይጀምራል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። ስለዚህ ሳይደክም በፊት ምትኩን ዝሩ።

አላማንዳ ትልልቅ ቢጫ አበባ አለው። ለኮምቦልቻ እንጂ ለደሴ አይደለም። ወተቱ መርዝነት ስላለው ልጆች አይንኩት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ስለ ውጭ አገር ሐረግ ይህን ያህል ስናወራ የራሳችን ሐረጎች የት ናቸው? ጠንበለል የአበሻ ጃስሚን ነው። ሳይንሳዊ ስሙም ጃስሚነም አቢሲኒከም ነው። በደጋ ደን ዳር ይበቅላል። ነጭ አበባው ማታ ማታ ሽታው ግቢ ይሞላል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። የደሴን ብርድ ደግሞ አይፈራም፤ እዚሁ የተወለደ ነው። ሰው ከሩቅ አገር የመጣ ጃስሚን በውድ ገዝቶ በኅዳር ሲያጣው፣ ጠንበለል ከተማ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ያብባል። ይህ ሊስተካከል ይገባል።

አዞ ሐረግ ሌላው ነው። የክሌማቲስ ዘመድ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ አትክልተኞች የክሌማቲስን ዓይነት እያዳቀሉ በውድ ይሸጣሉ። የእኛው በነጭ አበባ ይሸፈናል። አበባው ሲረግፍ ፍሬው ነጭ ላባ አውጥቶ ለሁለተኛ ጊዜ ያጌጣል። የሚይዘው በቅጠሉ ዘንግ ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል። ጭማቂው ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲቆረጥ ጓንት አድርጉ።

ለአጥር የሚሆን ጠንካራ ተክል ለምትፈልጉ ቀጋ አለ። የአገራችን ጽጌረዳ ነው። ነጭ አበባ፣ ልጆች የሚለቅሙት ቀይ ፍሬ፣ ሌባ የማያስገባ እሾህ አለው።

እንዶድንም መርሳት የለብንም፤ እሱም አጥር ላይ የሚንጠላጠል ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ የተነሣው ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. ለእሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ልብስ ማጠቢያ ብቻ ነው ብለን ያለፍነው ተክል ይህን ያህል ነገር ነበረው። ፍሬው ሲበላ መርዝ ስለሆነ ሕፃናት ባሉበት ግቢ አልመክረውም።

አደራ የምላችሁ፣ ጠንበለልም ሆነ አዞ ሐረግ ከጫካ አትንቀሉ። የጎፍን የመሰለ ደን ያለን ሰዎች ነን፤ ቀስ በቀስ እየቆነጠርን አንጨርሰው። ቁራጭ ወይም ዘር ውሰዱ፤ እናት ተክሉን ተዉት።

አተካከልና እንክብካቤ

ጉድጓዱ ስፋቱም ጥልቀቱም ግማሽ ሜትር ይሁን። አሁን ቆፍሩት፤ ተከላው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ይሆናል። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ከበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉት። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ችግኙን ግድግዳው ሥር አታስጠጉት። የግድግዳ ሥር አፈር ዝናብ አይደርሰውም፤ የተረፈ ሲሚንቶና ኖራም አይጠፋውም። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ወደ ድጋፉ ዘንበል አድርጋችሁ ትከሉ። መረሬ አፈር ከሆነና ውኃ የሚቋጥር ከሆነ ጉድጓድ ሳይሆን ጉብታ ሥሩ። የሐምሌ ዝናብ ሥር ያበሰብሳል።

ውኃ እጥረት እንዳለብን አውቃለሁ። አብሽሩ፣ ሐረግ በየቀኑ ውኃ አይፈልግም። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ጀሪካን፣ ቀስ አድርጎ እስኪጠልቅ ማጠጣት በየቀኑ አንድ ጆግ ከመርጨት ይበልጣል። በየቀኑ ላይ ላዩን የተረጨ ሥር ላይ ላዩን ይቀራል። አትክልትና እህል የታጠበበትን ውኃ ተጠቀሙ። በረኪና የገባበትን አትጠቀሙ። ሥሩን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል አልብሱት፤ ግንዱን ሳይነካ። ሐረግ ራሱ ፀሐይ ላይ፣ ሥሩ ጥላ ውስጥ ሲሆን ደስ ይለዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ጉልበት ያለውን አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ሽቅብ መልቀቅ ያጓጓል። አታድርጉት። ችግኙ ጉልበት ላይ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥሱት፤ ከሥር ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ከዚያ ቅርንጫፎቹን ወደ ጎን፣ አግድም እያደረጋችሁ እሰሩ። ምክንያት አለው። ጫፉ ላይ የሚሠራ ሆርሞን ወደ ታች እየወረደ የጎን እንቡጦችን ያስተኛል። ግንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም የበላይነቱ የጫፉ ነው፤ አበባውም ጣሪያ ላይ ይሆናል፣ እናንተ ከታች ባዶ እንጨት ታያላችሁ። ግንዱን ስታጋድሙት የጎን እንቡጦቹ ይነቃሉ። አጥሩም ከላይ እስከ ታች ያብባል። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይህን ሞክሩ።

መግረዝ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ኮምቦልቻ ላይ ቡገንቪሊያ አንድ ዙር አብቦ ሲረግፍ ቁረጡት፤ አዲስ ቅርንጫፍ ላይ እንደገና ያብባል። ደሴ ላይ ግን በጥቅምትና በኅዳር መቀስ አታንሡ። ስትቆርጡት ለጋ ያወጣል፤ ለጋውን አመዳይ ይወስደዋል። የካቲት እስኪገባ ታገሡ። አመዳይ ያቃጠለውን ክፍልም ወዲያው አትቁረጡ። የሞተው ቅጠል የቀረውን ይጋርዳል። በጠራ ምሽት ብርድ ሲበረታ በአሮጌ አንሶላ ወይም በጆንያ ሸፍኑትና ጠዋት ግለጡት።

ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ለጋው ላይ ሲወጣ ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ በቅጠሉ ጀርባ ርጩ። ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሽ አለ ማለት ነው፤ ጣፋጩን ፈሳሽ ፍለጋ ነው የሚወጣው። ከዚህ በላይ መድኃኒት ብዙም አያስፈልግም።

ስለ መርዝና ስለ ማምለጥ አንድ ቃል ልናገር። ግሎሪዮሳ የሚባል እንደ ነበልባል ቀይና ቢጫ አበባ ያለው ሐረግ አለ። እጅግ ያምራል። ግን ሁለመናው መርዝ ነው፤ በተለይ ከመሬት ውስጥ ያለው ድንች መሰል ሥሩ ሰው ይገድላል። ልጅ ያለበት ቤት አይግባ። የሞርኒንግ ግሎሪ ዘርም አይበላም።

ማምለጥ ያልኩት ደግሞ ይህ ነው። ወሎ ቅንጨ አረምን ያውቃል። የሰው እጅ ያመጣው ተክል ምን እንደሚያደርግ የገበሬው ማሳ ይመሰክራል። ሐረግም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከማዳጋስካር ለአበባው ውበት ወደ ብዙ አገር የተወሰደ ክሪፕቶስቴጂያ የሚባል ሐረግ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ወንዝ ዳር ያለ ዛፍ እየሸፈነ ገድሏል፤ ለከብትም መርዝ ነው። በእኛም አገር በአዋሽ ሸለቆ ችግር ሆኗል። ሰማያዊው ዘላቂ ሞርኒንግ ግሎሪ ደግሞ ያለ ዘር ከቁራጭ ግንድ ብቻ ይበቅላል። የገረዛችሁትን ቦርከና ውስጥ ብትጥሉት ውኃው ይወስደዋል። ቦርከና ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። እባካችሁ የገረዛችሁትን ግቢያችሁ ውስጥ አድርቃችሁ ወይ አቃጥሉት ወይ ኮምፖስት አድርጉት። ለወንዙ አትስጡት።

ከጥያቄዎቹ

አንድ አባት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስላስቸገራቸው አሮጌ ቡገንቪሊያ ጠይቀውኛል። ነቅለው ሊጥሉት ነበር። አይንቀሉት አባቴ። ቡገንቪሊያ ከባድ ቁረጣ ይችላል። ብርዱ ሲያልፍ፣ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ ከዋና ዋና ግንዶቹ ግማሾቹን እስከ ወገብ ድረስ ይቁረጡ። የቀሩትን በሚቀጥለው ዓመት። ወፍራም ጓንትና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ያወጣውን አዲስ ቅርንጫፍ ጣሪያ ሳይደርስ ወደ ጎን ይሰሩት።

ቁራጭ እንዴት እንደሚያዝ የጠየቃችሁም አላችሁ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ያልሸበተ ያልለመለመ ግንድ ምረጡ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት አራት አንጓ ያለው። የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ ቁረጡ፤ ላዩ ከታቹ እንዳይምታታባችሁ ይረዳል። ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር ባለው ላስቲክ ውስጥ ሁለት አንጓ ቅበሩ። ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፉበት፣ ክዳኑን ክፈቱት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ወር ወይም ሁለት ወር ይፈጃል። እየነቀላችሁ «ሥር አወጣ ወይ» ብላችሁ አትዩ። ለጠንበለል ከዚህም የቀለለ አለ። ዝቅ ያለ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋችሁ አንዱን አንጓ መሬት ውስጥ ቅበሩና ድንጋይ ጫኑበት። ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ቆርጣችሁ ውሰዱት።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከኋላ ከተቀመጠች እህት ናት። «ኪራይ ቤት ነው የምኖረው፣ መሬት የለኝም፣ ነገ ብለቅስ?» ብላለች። መሬት አያስፈልግሽም፤ 20 ሊትር የሚይዝ አሮጌ ጣሳ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃሻል። ቡገንቪሊያ እንዲያውም ሥሩ ሲጠብበት አበባው ይበዛል፤ ስትለቂም ይዘሽው ትሄጃለሽ። በዚህ ክረምት ቶሎ ማየት ከፈለግሽ ተንበርጂያ የሚባለውን፣ መሐሉ ጥቁር የሆነ ብርቱካናማ አበባ ያለውን ዝሪ። እሱም የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው። በሁለት በሦስት ወር ያብባል። ሦስት ቀጭን አጣና አናታቸውን አስረሽ ጣሳው ውስጥ ብታቆሚለት ራሱ ይጠመጠማል። የጣሳውን ቂጥ ግን አፈር ከመሙላትሽ በፊት አራት አምስት ቦታ ብሺው፤ ከሞላ በኋላ ገልብጦ መብሳት አይመችም።